ግብ ያገባ እግር፥ ፍርድ የተናገረ አንደበት

ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የእግር ኳስ ኑሮ፤ ለወረታ ከተማና ለፎገራ ሜዳ ወጣቶች ማስታወሻ

ለሰው ልጅ ከተሰጡት ሀብቶች ሁሉ ፈጥኖ የሚመጣውና ፈጥኖም የሚሄደው የጕልበት ሀብት ነው። ዕውቀት ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከመጣም በኋላ ባለቤቱ ካልጣለው በቀር እስከ መቃብር አብሮት ይኖራል። ገበሬ ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል። የፎገራ በሬ በጕልምስናው ጊዜ ጥቁሩንና ከባዱን መሬት ይገለብጣል፤ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ቀንበሩ ይከብደዋል። አራሹ በበኩሉ ጕልበቱ ሲደክም ልጁን ከሞፈሩ ኋላ አቁሞ፥ የትኛው ማሳ መቼ እንደሚታረስ፥ የርብ ወንዝ ሲሞላም ውኃው በየት በኩል እንደሚወጣ ይነግረዋል። በሬውና አራሹ በአንድ ማሳ ላይ ውለው ሳለ የአንደኛው ሥራ በድካሙ ሲያልቅ የሁለተኛው ሥራ በድካሙ መልኩን የሚለውጥበት ምክንያት፥ አራሹ ከጕልበቱ ጋር ማስተዋልን አከማችቶ ስለ ነበረ ነው።

የእግር ኳስ ተጫዋችም ነገር ከዚህ አይለይም። አጥቂ የተባለው ተጫዋች በሃያ ዓመቱ እንደ ሚዳቋ ይፈተለካል፤ አርባ ዓመት ሲጠጋው ግን ኳሷን በዓይኑ ይከተላታል እንጂ በእግሩ አይደርስባትም። ከዚያ በኋላ ግን ገና የዕድሜው እኩሌታ ይቀረዋል። ያን ዕድሜ ምን ያደርግበታል? ያለፈ ዝናውን እየተረከ በየመጠጥ ቤቱ ይቀመጥበታልን? ወይስ በሜዳ ላይ የተማረውን ለአገርና ለወገን በሚጠቅም ነገር ላይ ያውለዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱንም ሩቅ ሳንሄድ ከአገራችን ሰው ከአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪክ እንፈልገዋለን።

ነገሩን ለወረታና ለፎገራ ወጣቶች የምናቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲወጡበት ባሕር ይመስላል፤ ሩዙ ታጭዶ ከተሰበሰበ በኋላ ግን መሬቱ ደርቆ ለልጆች ሩጫና ለእግር ኳስ ይመቻል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠለው መንገድ የሚገናኙባት የወረታ ከተማም፥ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፥ በሳምንቱ መጨረሻ ወጣቶቿን በቴሌቪዥን ፊት ትሰበስባለች። ጨዋታው ከእንግሊዝ አገር ይመጣል፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላም ክርክሩ አያልቅም። ማን ማቀበል ይገባው ነበር፥ ዳኛው በምን ተሳሳተ፥ አሠልጣኙ ማንን ማስወጣት ነበረበት እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ይሟገቱበታል።

እኛ ይህን ክርክር አንነቅፈውም። የሚከራከር ወጣት የሚያስብ ወጣት ነው፤ ነገር ግን በወሬና በፍርድ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ወሬ የሰማውን ይደግማል፤ ፍርድ ግን ያየውንና የተማረውን መርምሮ ይናገራል። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፥ በጋይንት ምድር፥ የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባ ይገኛሉ። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ በዚያ ዓመታት ተቀምጦ፥ ለምኖ በልቶ፥ ቀለሙን አጥንቶ ሲያበቃ ያስመሰክራል፤ ካስመሰከረም በኋላ ወንበር ዘርግቶ ሌላውን ያስተምራል። ቅኔ ያልቈጠረ የሌላውን ቅኔ ሊያርም አይቀመጥም፤ ቢቀመጥም የሚሰማው አያገኝም። በእግር ኳስም ነገር ሥርዐቱ እንዲሁ ሊሆን ይገባል፤ በሜዳ ላይ ያስመሰከረ ሰው በኋላ በአንደበቱ ያስተምር።

ሌሎች አገሮች ይህን ሥርዐት ከያዙት ቈይተዋል። በፖላንድ አገር አንድሬ ዩስኮቪያክ የተባለው አጥቂ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ 7 ግብ አግብቶ ከአጥቂዎቹ ሁሉ አንደኛ ሲወጣ፥ አገሩ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ እርሱም መጫወቱን ከተወ በኋላ በቴሌቪዥን እየቀረበ ጨዋታን የሚተነትን ሆነ። ከእርሱ በፊት የነበረው ግዜጎዥ ላቶ በ1966 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ 7 ግብ አግብቶ አገሩን ለሦስተኛነት ካበቃ በኋላ፥ በእርጅናው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልና የአገሩ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሊቀ መንበር ሆኗል። እንዲሁም ዝቢግኒየቭ ቦኒየክ የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ያንኑ ፌዴሬሽን ከ2005 እስከ 2013 ዓ.ም. መርቶታል። እነዚህ ሰዎች ሲናገሩ ሕዝቡ የሚያዳምጣቸው ቃላቸው ስላማረ አይደለም፤ በእግራቸው የሠሩትን በአንደበታቸው ስለሚያስረዱ ነው።

የኢትዮጵያ ልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ፥ ከእነዚህም በሚበልጥ ጕዳይ ላይ አንደበቱን እንዳዋለው የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው ጀምረን በአጭሩ እንተርካለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዕለት፥ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔያቸውና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው የታወቁ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንም ወደ ጀርመን አገር ተልከው በዚያ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ባለ ዜማ ነበሩ። ልጅየው በአባታቸው መንገድ ወደ ግጥምና ወደ ዜማ አልሄዱም። ነገር ግን ነገርን በቦታውና በጊዜው የመናገር ሀብት ከአባት ወደ ልጅ እንደ ተላለፈ የኋላ ሥራቸው ይመሰክራል። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተምረው የውጭ አገር ቋንቋም ስለ ዐወቁ፥ አባታቸው በአማርኛ ያደረጉትን ልጅየው በታላላቅ የዓለም ጉባኤዎች ሊያደርጉት በቁ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የስፖርት ማኅበር የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም.፥ ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ይድነቃቸውም ገና በልጅነታቸው ማሊያውን ለበሱ። በጠላት ዘመን የፋሽስት መንግሥት ጥቁሩንና ነጩን በሁሉ ነገር ለይቶ ነበርና በስፖርትም ለየ፤ ኢትዮጵያዊው ከኢትዮጵያዊ ጋር ብቻ እንዲጫወት፥ ከነጭ ቡድን ጋርም እንዳይጋጠም ተደረገ። ኳሷ አንዲት፥ ሜዳውም አንድ ሆኖ ሳለ በቆዳ ቀለም ምክንያት አጥር ታጠረበት። ይህን ነገር በትዕዛዝ ወረቀት ያነበበ ሰው ሊረሳው ይችላል። በአፍላ ጕልበቱ ሳለ ከሜዳ የተከለከለ አጥቂ ግን አይረሳውም። የአቶ ይድነቃቸው የኋላ ዘመን ንግግር ሥሩ የሚገኘው በዚህ ላይ ነው።

ጠላት ከተባረረ በኋላ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያ የሻምፒዮና ውድድር የተሰለፉት 5 ቡድኖች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የአርመኖች፥ የግሪኮች፥ የጣሊያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልኡካን ቡድኖች ሲገኙ የኢትዮጵያውያን ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበረ። ትናንት ከነጭ ጋር አትጋጠም የተባለው ወጣት ዛሬ ከሁሉም ጋር በእኩልነት ሲጋጠም፥ ግብ ማግባት ከጨዋታነት አልፎ ሌላ ትርጕም እንደ ነበረው ማንም ይረዳዋል። የዚያን ዓመት ዋንጫ የእንግሊዝ ወታደሮች ወሰዱት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ዘመን የቡድኑ አጥቂ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ ሲጫወቱ በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቦላቸዋል። ኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም. ከጅቡቲ ጋር ገጥማ 5 ለ 0 ካሸነፈችበት ከመጀመሪያው ጨዋታ አንሥቶ በተቋቋመው ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ያለው የእግር ታሪክ ነው። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይድነቃቸው አንድ ጎበዝ አጥቂ ተብለው በሽማግሌዎች ትዝታ ብቻ በቀሩ ነበር። እሳቸው ግን ገና እየተጫወቱ ሳሉ ከሜዳው ውጭ ያለውን ሥራ ያዙ። ቡድን ያለ ደንብ፥ ውድድር ያለ ዳኛ፥ ዳኛም ያለ ሕግ እንደማይቆም ተረድተው በፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ተቀመጡ። ብዙ ተጫዋች ይህን ሥራ ይንቀዋል፤ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነውና። ነገር ግን በሜዳ ላይ የሚጨበጨብለት ሁሉ የሚቆመው በዚህ በማይጨበጨብለት ሥራ ላይ ነው።

በየካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች ተሰብስበው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ ከኢትዮጵያ ከተላኩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። አራቱ አገሮች ወዲያውኑ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተስማምተው ሳለ አንድ ነገር ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ የሆኑበትን፥ ወይ ጥቁሮች ብቻ የሆኑበትን ቡድን እልካለሁ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልክም አለች። የቀሩትም ሦስቱ አገሮች እንዲህ ከሆነ አትጫወቺም ብለው መለሱላት። አንባቢ ሆይ፥ ልብ አድርግ፤ ማኅበሩ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ከአራት አባሎቹ አንዱን ስለ ፍትሕ ሲል አጣ። አራት ሆኖ በበደል ከመኖር ሦስት ሆኖ በእውነት መኖር ይሻላል ያሉት እነዚያ ሰዎች የዛሬውን ታላቅ ማኅበር መሠረት ጣሉ። ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ መቅረት ምክንያት ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ፥ በየካቲት 9 ቀን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነው።

የዚህ ሽንፈት ካሣ የተገኘው ከአምስት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ የቡድናችን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች፤ ጥር 13 ቀን ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ከወሰደችው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ተገናኘች። ግብፅ በበደዊ ግብ ቀደመች፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ደስታው ሳይበርድ በደዊ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን ግብ አስቆጥሮ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገሩ። በዚያም የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ በእጃቸው ሰጡ። በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ መሆናቸውን በመጥቀስ ድሉን ለማሳነስ የሚሞክር አይጠፋም፤ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ መሆንና በመጨረሻው ማሸነፍ፥ ተወዳዳሪው አራት ቢሆን አርባ ቢሆን ልበ ሙሉነትን ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሜዳ ጉባኤ፥ ኳሳቸውም ቃል ሆነ። በ1956 ዓ.ም. ፊፋ ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪካ፥ ለእስያና ለኦሴኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ ሰጠ። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንደገና ካልተጋጠመ በቀር ወደ እንግሊዝ አገር አይሄድም ማለት ነው። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን ፍርድ ተቃወሙ፤ በእነርሱም መሪነት የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከውድድሩ ወጡ። ለአንድ ተጫዋች በዓለም ዋንጫ ከመሰለፍ የሚበልጥ ክብር የለም። ይህን ክብር አንፈልገውም ለማለት፥ የሚተወውን ነገር ዋጋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከኳስ ጋር ትውውቅ የሌለው ሹም ቢናገረው ኖሮ የጨዋታን ጣዕም ስለማያውቅ ነው በተባለ ነበር፤ 318 ግብ ያገባ ሰው ሲናገረው ግን የሚያፌዝበት አልተገኘም።

ፍሬውም ሳይዘገይ ታየ። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ የራስዋ የሆነ አንድ ቦታ ተሰጣትና ሞሮኮ ተሳተፈች። በ1970 ዓ.ም. ቱኒዚያ ሜክሲኮን 3 ለ 1 አሸንፋ በዓለም ዋንጫ ጨዋታ ድል ያገኘች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ አገር ሆነች። በ1974 ዓ.ም. የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ሞሮኮ ከአራቱ አንዷ ለመሆን በቃች፤ ተሳታፊዎቹ 48 እንዲሆኑ በተወሰነበት የ2018 ዓ.ም. ውድድርም የአፍሪካ ቀጥተኛ ድርሻ 9 ሆኗል። ከግማሽ ቦታ ተነሥቶ ዘጠኝ ቦታ ላይ የተደረሰው በለጋስነት አይደለም፤ ደፍረው ከተናገሩና ከተናገሩትም ካልተመለሱ ሰዎች የተነሣ ነው።

የደቡብ አፍሪካም ነገር እንዲሁ ረዥም ሙግት ነበረ። ፊፋ ያችን አገር በ1954 ዓ.ም. አገደ፤ በ1955 ዓ.ም. እገዳውን አነሣ፤ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶኪዮ ጉባኤ እንደገና አገደ፤ በ1968 ዓ.ም. በሞንትሪያል ጉባኤ ፈጽሞ አስወጣ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የአፍሪካን ቃል ከያዙት ዋነኞች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት፥ እንዲሁም የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነው ነበርና ቃላቸው በሁለቱም አደባባይ ይሰማ ነበር። በጠላት ዘመን በአዲስ አበባ ሜዳ የታጠረውን አጥር ያየ ዓይን፥ በጆሃንስበርግ የታጠረውን አጥር ባየ ጊዜ ምን እንደ ሆነ አላጠራጠረውም።

ደግሞም በሌሎች ሁለት ነገሮች ላይ የነበራቸው አሳብ ሊዘከር ይገባል። የመጀመሪያው፥ የአፍሪካ ተጫዋች ጕልበቱን ይዞ ወደ አውሮፓ መፍለሱ አህጉሩን ባዶ እንዳያስቀረው ይሰጉ ነበር፤ በእሳቸው ዘመን ለብዙ ጊዜ አንድ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ሲሰለፍ ባሕር ማዶ ከሚጫወቱት ልጆቹ ከሁለት የበለጠ እንዳያስገባ ደንብ ነበረ። ሁለተኛው፥ የመጠጥና የትንባሆ ነጋዴዎች በማስታወቂያ ገንዘብ ወደ ወጣቶች ጨዋታ እንዲገቡ አይወዱም ነበር። የመጀመሪያው አሳባቸው ዘመን ሽሮታል፤ ዛሬ የአፍሪካ ቡድኖች ኃይላቸው በአብዛኛው ባሕር ማዶ ያሉት ልጆቻቸው ናቸው፤ ተጫዋቹም እንጀራው ወዳለበት እንዳይሄድ መከልከል አስቸጋሪ ነው። ይሁን እንጂ የሥጋታቸው ፍሬ ነገር አልተሻረም፤ የአገሩ ልጅ የአገሩን ቡድን ስም ሳያውቅ የሌላ አገር ቡድን ማሊያ ለብሶ ሲዞር ባዩ ኖሮ፥ ያልኩት ይህን ነው ባሉ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ላይ እንዳሉ በነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት፥ ያረፉትም በደብረ ታቦር በዓል፥ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ በሚሉበት ዕለት መሆኑ ለአባታቸው የቅኔ ርስት በቅቶ ነበር። ኢትዮጵያ በ1974 ዓ.ም. በሊቢያ ከተደረገው ውድድር በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቈይታ፥ በ2005 ዓ.ም. ስትመለስ የተመለሰችው በደቡብ አፍሪካ ምድር ነው። በካርቱም አትጫወቺም የተባለችው አገር የዘር አጥሯን አፍርሳ፥ ጥቁሩም ነጩም በአንድ ማሊያ የሚሰለፍባት ሆና፥ የኢትዮጵያን ልጆች በእንግድነት ተቀበለቻቸው። አቶ ይድነቃቸው ይህን በዓይናቸው አላዩትም፤ ነገር ግን ዘሩን የዘራ ገበሬ መከሩን ባያይ እህሉ የእርሱ አይደለም አይባልም።

በሜዳ ያስመሰከረ ሁሉ እንደ እሳቸው በዓለም ጉባኤ ይቆማል ማለታችን አይደለም። የጎንደር ተወላጅ የሆነው መንግሥቱ ወርቁ፥ ያ በግብፅ ላይ አራተኛውን ግብ ያገባው አጥቂ፥ በ1954ቱ ውድድር 3 ግብ አግብቶ ከበደዊ ጋር የግብ አግቢዎች አንደኛ ከሆነ በኋላ፥ መጫወቱን ሲተው የአሠልጣኝነትን ሥራ ያዘ፤ በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያ የሄደውንም ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነው እርሱ ነው። አንዱ በጉባኤ፥ ሌላው በልምምድ ሜዳ፥ ሁለቱም የተማሩትን አልቀበሩም። በ2003 ዓ.ም. ሲሞት አገር ያዘነለት ስለ ግቦቹ ብቻ አልነበረም፤ ስላስተማራቸውም ልጆች ነው።

እንግዲህ ወደ ፎገራ እንመለስ። ከሃምሳ ዓመት በፊት በዚህ ሜዳ ሩዝ የሚዘራ ገበሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነበረ። እህሉ ከባሕር ማዶ መጣ። ውኃ የተኛበትን መሬት እንደሚወድ ገበሬው በዓይኑ ባየ ጊዜ የአዘራሩን፥ የአረሙንና የአጨዳውን ሥርዐት ተማረ። ዛሬ ከጤፍ ጋር አደባልቆ እንጀራ ይጋግረዋል፤ ገለባውን ለከብቱ ያበላዋል፤ ትርፉን በወረታ ገበያ ይሸጠዋል። የመጣበትን አገር ሳይንቅና ሳያመልክ የራሱ አደረገው። የእግር ኳስም ጨዋታ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘር ነው፤ ይድነቃቸውና ባልንጀሮቻቸው ሕጉን ተምረው፥ ማኅበሩን አቋቁመው፥ በጉባኤው ተሟግተው የራሳችን አደረጉት። ገዝቶ መብላት ብቻ የለመደ ሰው ግን የዘር ጊዜ ሲመጣ እጁ ባዶ ይሆናል፤ በሌላ አገር ጨዋታ ላይ መከራከር ብቻ የለመደም ወጣት እንዲሁ ነው።

ስለዚህ በወረታና በዙሪያዋ ላሉት ሰዎች የሚከተለውን ማሳሰብ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አንደኛ፥ የከተማው ሽማግሌዎችና ሹማምንት የክረምት ውኃ የማይተኛበትን አንድ ደህና ሜዳ ለይተው ለወጣቶች ያቈዩላቸው፤ ከተማ እየሰፋ ሲሄድ ቤት የማይሠራበት መሬት ሁሉ ባለቤት የሌለው እየመሰለ ይወሰዳልና፥ ዛሬ ያልተከለለ ሜዳ ነገ አይገኝም።

ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤቶች ቀድሞ የተጫወቱትን ሰዎች ፈልገው ያስጠጓቸው። በየቀበሌው በወጣትነቱ ኳስ የተጫወተ፥ ዛሬ ግን ሱቅ የሚጠብቅ ወይም መኪና የሚነዳ ጎልማሳ አይጠፋም። በሳምንት አንድ ቀን ልጆችን ሰብስቦ አቀባበልን፥ አቋቋምን፥ ከሁሉም በላይ ሽንፈትን በትዕግሥት መቀበልን ቢያስተምር፥ ለእርሱም ክብር ነው፥ ለልጆቹም ጥቅም ነው። ያስመሰከረ ሰው ወንበር ካልተሰጠው ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

ሦስተኛ፥ ወጣቶች ሆይ፥ መከራከራችሁን አትተዉ፤ ነገር ግን ከክርክራችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። ዳኛውን ከመስደብ በፊት ዳኛ የሚፈርድበትን ደንብ ዕወቁ፤ ከእናንተም መካከል ፉጨት ይዞ በእውነት የሚፈርድ ይነሣ። ስለ ራሳችሁ ቡድንም ተነጋገሩ፤ ማን እንደ ተጫወተ፥ ማን እንዳገባ፥ በስንት ለስንት እንደ ተለያዩ በደብተር ጻፉ። ያልተጻፈ ጨዋታ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደ ጉም ይጠፋል።

አራተኛ፥ በጨዋታ ውጤት ላይ ገንዘብ ማስያዝ በየከተማው ብዙ ወጣት ይዟል። ይህ ነገር ዐዋቂ የሆኑ ያስመስላቸዋል፤ ነገር ግን ኪሳቸውን ከማራቈት በቀር የሚያስተምራቸው የለም። በሌላ ሰው እግር ላይ ገንዘቡን የሚጥል ሰው የገዛ እግሩን ያሰንፈዋል። አባት ሩዝ ሸጦ ለደብተርና ለልብስ የሰጠው ብር በአንድ ማታ ሲጠፋ፥ የጠፋው ብር ብቻ አይደለም፤ የአባት እምነትም አብሮ ይጠፋል።

አምስተኛና የመጨረሻው፥ ኳስ የሚወድ ልጅ ትምህርቱን ከኳሱ ጋር አብሮ ይያዝ። አቶ ይድነቃቸው ቋንቋ ባይማሩ ኖሮ፥ ግባቸው ምንም ያህል ቢበዛ፥ በጉባኤው አዳራሽ ሊናገሩ ባልቻሉ ነበር። እግር በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር ገብቶ ጕዳዩን የሚጨርሰው ግን የተማረ አእምሮና የታረመ አንደበት ነው።

አገራችን ሯጭና ኳስ ተጫዋች ማውጣት አልቸገራትም። የሚያስፈልጋት፥ መሮጡን ካበቃ በኋላ ቆሞ የሚናገርላት፥ ሲናገርም ወገኑን በማስደሰትና እውነትን በመናገር መካከል ሲቸገር እውነትን የሚመርጥ ሰው ነው። ከፎገራ ሜዳ፥ ሩዝ ከታጨደበት መሬት ላይ፥ በባዶ እግሩ ኳስ ከሚያባርሩት ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ሰው እንዳይነሣ የሚከለክል ምንም ነገር የለም። ሜዳውን፥ መምህሩንና መጽሐፉን ብናዘጋጅለት፥ እግሩ ግብ ያገባል፤ እግሩም ሲደክም አንደበቱ ፍርድ ይናገራል።